ነፋስ ከግራ ሲመጣ

ነፋስ ከግራ ሲመጣ ሥራው የቀኝ እግር ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። አሥሬ ብናገረው አሥሬ ይጽፋሉ፤ ወረቀት ላይ ቀላል ነውና። አውሮፕላኗ ወደ ማኮብኮቢያው ስትቀርብ ነፋሱ ከመስመሯ እንዳያስወጣት አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መለስ ታደርጋለህ፤ መርካቶ ግፊያ መሐል ትከሻውን አስቀድሞ እንደሚሄድ ሰው አግድም ትመጣለች። እንደዚያ ሆና መሬት መንካት ግን አትችልም። ጎማ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አይንከባለልም። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች የቀኙን መርገጫ በእግርህ ትገፋዋለህ፣ አፍንጫዋ ከመንገዱ ጋር ይስተካከላል። በዚያው ቅጽበት በእጅህ የግራ ክንፏን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ነፋሱ ጠራርጎ እንዳይወስዳት። የግራው ጎማ ይነካል፣ የቀኙ ይከተላል። ነፋሱ ከቀኝ ከሆነ ሁሉንም መገልበጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እጨምርላቸዋለሁ። የካፒቴኑና የረዳት አብራሪው መርገጫዎች በውስጥ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲገፋ የሌላውም አብሮ ይሄዳል። ይህንንም ይጽፉታል። እዚህ ላይ ስደርስ ለምን ድምፄ እንደሚቆጣ ግን አያውቁም።

ያኔ ቦሌ ላይ አውሮፕላን በኪራይ የምታበር አንዲት ትንሽ የቻርተር ድርጅት ውስጥ ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ሦስት አውሮፕላን፣ እነሱ የሚያድሩበት አንድ ሃንጋር፣ ሻዩ ሁልጊዜ ለብ ያለ አንድ ክበብ። ከተማዋ በክሬን የተሞላችበት ዘመን ነው፤ ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ ቶሎ መድረስ ይፈልጋል። መንገድ የሚሠራው ቻይናዊ፣ ወርቅ የሚፈልገው፣ የአበባ እርሻ የሚያየው ፈረንጅ፣ ስብሰባ የማያልቅበት የዕርዳታ ሠራተኛ። እኛ እናደርሳቸው ነበር። ከምሥራቅ በኩል ስንገባ የምንወርደው በጎሮ ላይ ነው። በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር የማውቀው ባሕር ዛፍ ጠፍቶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀድሞ ነፋሱን የማየው በባሕር ዛፎቹ ጫፍ ነበር፤ በኋላ በጅምር ሕንጻዎቹ ላይ በሚሰቀለው አረንጓዴ መረብ ማየት ለመድኩ። መረቡ ወደ ሰሜን ከተነፋ ነፋሱ ከደቡብ ነው። እኛ ፊታችንን ወደ ምዕራብ አድርገን ስለምንወርድ፣ ከደቡብ ማለት ከግራ ማለት ነው።

ካፒቴኔ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። ቁጡ ናቸው፣ ተሳዳቢ ናቸው፣ ሲስቁ ደግሞ ሃንጋሩ ሁሉ ይሰማል። እኔን ከመባረር ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው። የጎን ነፋስ እምቢ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቄ ነበር፤ ሦስተኛውን ብወድቅ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት መሄዴ ነው። ችግሬ እግሬ ነበር። ወይ እፈራና አልረግጥም፣ ወይ እደነግጥና አብዝቼ እረግጣለሁ። እሳቸው ማንም ሳይጠይቃቸው በየቀኑ ከሥራ በኋላ ክበቡ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ያስቀምጡኛል። ጫማቸውን ያወልቁና በካልሲ እንደሆኑ ውስጥ እግራቸውን ከውስጥ እግሬ ጋር አጋጥመው «ግፋ!» ይሉኛል። ስገፋ «ይሄ በር መስበር ነው፣ ማን ቆለፈብህ?» ሳላላ «አሁን ደግሞ ተኛህ፣ ትራስ ላምጣልህ?» አስተናጋጆቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይስቁብናል። እኔ በኀፍረት ላብ በላብ እሆናለሁ። ሦስተኛውን ፈተና ግን አለፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሳቸው የማልሆነው ነገር አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወገባቸውን ታመው ሁለት ሳምንት ተኙ። ሲመለሱ ደህና ነኝ አሉ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ጫማ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ጥቁር ጫማቸው ላይ አቧራ አይቼ አላውቅም። ከሕመማቸው ወዲህ ግን የቀኙ ጫማ ጫፍ መፋቅ ጀመረ። አስተውዬ ሳይ ሲራመዱ የእግራቸው ጣት በደንብ አይነሳም፤ መሬቱን ጫር እያደረገ ይሄዳል። የአውሮፕላኗን ደረጃ ሲወጡ ማንም የማያያቸው ሲመስላቸው ሱሪያቸውን ጉልበቱ ላይ ያዝ አድርገው ቀኝ እግራቸውን ያነሱታል። እኔ አየሁ። አይቼም የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ አልኩ።

የመጀመሪያው ጊዜ አንድ መጋቢት ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ ከግራ ነበር፣ ጠንከር ያለ። መሪውን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ፍጥነትና ከፍታ አነባለሁ። ማኮብኮቢያው ላይ ደረስን፤ ኃይል ቀነሱ። አፍንጫዋ ግን ወደ ግራ እንደዞረች ቀረች። የቀኙ መርገጫ ትንሽ ሄደና ቆመ። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ግንባራቸው ላይ ሥር ተነስቷል። በደንቡ መሠረት «ከፍ በሉ፣ ዞረን እንመለስ» ማለት ነበረብኝ። ካልሆነም «ይዣለሁ» ብዬ መሪውን መቀበል። ሁለቱንም ሥልጠና ላይ መቶ ጊዜ ብያቸዋለሁ። እዚያ ግን ለእኚህ ሰው፣ ስድስት መንገደኛ ከኋላ ተቀምጦ፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ዝም ብዬ ቀኝ እግሬን መርገጫው ላይ አስቀመጥኩ። በር ሳልሰብር፣ ሳልተኛም፣ ልክ እንዳስተማሩኝ ገፋሁ። ተስተካከለች። የግራው ጎማ ነካ፣ የቀኙ ተከተለ።

ካፒቴኑ ረጅም ትንፋሽ አወጡና ጭኔን መታ አደረጉኝ። «እንዲህ ነው!» አሉ።

እኔ ምስጋና መስሎኝ ነበር። ያወቁብኝ፣ ያመሰገኑኝ፣ በዚያው ነገሩን በመሐላችን የዘጉት መሰለኝ። እንዲያ ያለ ስምምነት በእኛ ዘንድ በቃል አይነገርም። ታላቅህን ሳታዋርድ ታግዘዋለህ፤ እሱም መታገዙን ሳይናገር ይቀበልሃል። ደስ አለኝ እንኳ። ብድሬን የመለስኩ፣ ለአቅመ ሰው የደረስኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ገደማ ሁልጊዜ እኔና እሳቸው እንዲሁ በረርን። ነፋስ ከቀኝ ሲሆን የሚሠራው ግራ እግራቸው ነውና እንደ ወትሮው እያሳመሩ ያወርዷታል፤ እኔ እግሬን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። ከግራ ሲሆን እረግጣለሁ። እየቆየሁ በጣም ጎበዝ ሆንኩ። እሳቸው መርገጥ በሚጀምሩበት ቅጽበት እጀምራለሁ፣ ሲያቆሙ አቆማለሁ። ቀልዳቸው ተመለሰ፣ ሳቃቸው ሃንጋሩን ሞላው። የስድስት ወር የጤና ምርመራቸውን አልፈው መጡ፤ ሐኪሙ ዓይናቸውንና ልባቸውን አይቶ እግራቸውን አልነካውም። አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቀጠርኩ። በዓል ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ፣ ልጃቸውን ይዳሩ። ይሉኝታን እንደ ጨዋነት ቆጥሮ የሚያሞግስ ሰው ዛሬ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ፍርሃት ነው። ነጠላ ስላጣፋ ፍርሃትነቱ አይቀርም።

በድርጅቱ ውስጥ ሌላ ረዳት አብራሪ ነበረች፤ ከእኔ በአራት ዓመት የምታንስ፣ ከጎሮ ገበሬዎች የተወለደች ልጅ። አንዳንዴ መንገደኛ በሌለበት በረራ ከኋላችን ተቀምጣ ትመጣለች፤ ጎሮ ላይ ስንደርስ አንገቷን በመሐላችን አስግጋ ኮንዶሚኒየሞቹን ታሳየናለች። «ያውና፣ አውድማችን እዚያ ጋ ነበር። ያ ባለ ሰማያዊ ቆርቆሮው ደግሞ የበሬዎቹ በረት።» ከሰፈሯ አውሮፕላን ያበረረ ሰው የለም። አባቷ መሬታቸው ከተወሰደ ወዲህ ሥራ ፈትተው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የእሷ ይሁን የሌላ ሳያውቁ ብድግ ብለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ አሉ። ይህን ስትነግረን እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣልኝና ቤት ለመግባት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። በእኔ ቦታ ከካፒቴኑ ጋር የምትበረው እሷ ሆነች። ወሬውን ስሰማ ልፈልጋት ወጣሁ። ሃንጋሩ በር ላይ አገኘኋት።

«ከእሳቸው ጋር ስትበሪ እግርሽን ከመርገጫው ብዙ አታርቂ» አልኳት።

«ለምን? ከመታመማቸው በፊት አብረን ስንበር ነካሽብኝ ብለው አፈር ድሜ አብልተውኛል እኮ! እኔ ስይዝ አንቺ እግርሽን ሰብስቢ ነው የሚሉት።»

«እንዲያው... ነፋስ ሲኖር።»

«ምን ሆነዋል?»

«ምንም። ምን ይሆናሉ?»

«እሺ ጋሼ!» አለችኝ እያሾፈች፤ ሄደች። ነገርኳት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልነገርኳትም። የሰው ገመና ላለማውጣት ስል ሕይወቷን የሚያተርፈውን ቃል ዋጥኩት።

በፈቃዴ በሦስተኛው ቀን ፍራሽ ተሸክሜ ጎሮ ካለው አዲሱ ሕንጻችን አራተኛ ፎቅ እወጣ ነበር። በየቤቱ ሴራሚክ ይቆረጣል፣ በር ይነቀላል፣ ግድግዳ ይፈርሳል፤ መንግሥት ሠርቶ ያስረከበንን ሁላችንም አፍርሰን እንደገና እንሠራለን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለማረፍ ፍራሹን ግድግዳ አስደግፌ ወደ ውጭ አየሁ። ፊት ለፊት ባለው ጅምር ሕንጻ ላይ መረቡ እንዳለ ወደ ሰሜን ተነፍቷል። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው። እሷና ካፒቴኑ ከደቡብ ኦሞ ተነስተው የሚገቡት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነበር።

ስልክ አውጥቼ ለእሷ ደወልኩ፤ ዝግ ነው፣ አየር ላይ ናቸው። በረራ ለሚከታተለው ሠራተኛችን ደወልኩ። ሬድዮ አጠገቡ ነው፤ አንድ ቃል ብነግረው ያደርስልኛል።

«አቤት» አለኝ። «ምን ልበላቸው?»

አንድ ቃል ነበር። እሷ ትያዘው፣ ወይም ነፋሱ እስኪበርድ አየር ላይ ይቆዩ። ይህን ካልኩ ግን ለምን እባላለሁ፤ ሬድዮውን ደግሞ ሁሉም ይሰማዋል። የካፒቴኑ እግር በከተማው ሰማይ ላይ ሊወራ ነው።

«ምንም» አልኩት። «ነፋሱ እንዴት ነው ብዬ ነው።»

«ገደብ ውስጥ ነው፣ አታስብ። ቤቱ እንዴት ሆነ?»

ቤቱ ጥሩ ነው አልኩት። ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኗ አግድም እየሄደች፣ አፍንጫዋን ወደ ግራ አዙራ በላያችን አለፈች። መንገዷን በደንብ ይዛለች፤ እስከዚያ ድረስ እግር አያስፈልግም። ከሕንጻዎቹ ጀርባ ዝቅ አለችና ጠፋችብኝ። ሴራሚክ የሚቆርጠው ማሽን ስለሚጮህ ምንም አልሰማሁም። ፍራሹን አንስቼ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጣሁ።

የሆነውን የነገሩኝ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። አፍንጫዋ ሳይስተካከል በጎን ነካች፤ የቀኙ የጎማ እግር ተሰበረ፤ በቀኝ ክንፏ ተሽከርክራ ከማኮብኮቢያው ወጣችና ቦይ ውስጥ ገባች። ቦዩን የመታው በእሷ በኩል ያለው ጎን ነው። መንገደኞቹ ተርፈዋል፣ ካፒቴኑ ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሯል። የእሷ ወገብ ግን ሁለት ቦታ ላይ ተሰባብሮ በብረት ተያያዘ። ትራመጃለሽ አሏት ሐኪሞቹ፤ የአብራሪ ወንበር ላይ ግን መቼም አትቀመጪም።

በሳምንቱ ካፒቴኑን ልጠይቅ ቦሌ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ሰኞ ዕለት አደጋውን ለሚያጣሩት መርማሪዎች ቃላቸውን ይሰጣሉ። የልጅቷ ቃል አስቀድሞ ተወስዷል፤ ምንም አልነካሁም ብላለች።

«ነክታለች» አሉ ካፒቴኑ። «አልጠላትም፣ ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው። ግን ግራውን ረግጣ ይዛብኛለች። እኔ ቀኙን ስገፋ መርገጫው እንደ ግድግዳ ቆመብኝ። ይህን ሰኞ እናገራለሁ፤ መዋሸት አልችልም።»

እንዲህ ካሉ ጥፋቱ የእሷ ሊባል ነው። ጀርባዋ የተሰበረው አንሶ ስሟም ሊሰበር ነው፤ ድፍን ሃንጋሩ አውሮፕላን የሰበረችዋ ልጅ ብሎ ሊጠራት ነው። እያወቁ የሚዋሹ መስሎኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላኋቸው።

«እግርዎስ?» አልኩ።

«እግሬ ምን ሆነ?»

«ቀኝ እግርዎ።»

ፊታቸው በራ። «አንተም አይተህ ኖሯል? አዎ፣ ከወገቤ ሕመም በኋላ ደንዝዞ ነበር። ልተወው ነበር፣ ማመልከቻዬን ሁሉ ጽፌ ነበር። ፀበል ገባሁ። ያን የመጋቢት ነፋስ ታስታውሳለህ? እምቢ ሲለኝ ቆይቶ መጨረሻ ላይ እሺ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለመራመድ ይሰንፋል እንጂ ለመርገጫማ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ስለቴን አስገብቻለሁ፣ ትልቅ የወርቅ ዘቦ ጃንጥላ። ማመልከቻውን ቀደድኩት።»

አላወቁም ነበር። ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላወቁም። እኔ ስምምነት ያልኩት ነገር እኔ ብቻ ያለሁበት ስምምነት ነው። ገመናቸውን የሸፈንኩት ከሰው አልነበረም፣ ከራሳቸው ነበር። እግራቸው መሞቱን እንዳያውቁ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በጥንቃቄ፣ በችሎታ፣ እሳቸው ባስተማሩኝ ልክ።

«እግርዎ አልዳነም» አልኩ። «እኔ ነበርኩ የምረግጠው።»

ሳይገባቸው አዩኝ። «መቼ?»

«ነፋሱ ከግራ በሆነ ጊዜ ሁሉ።»

ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ገቡ፤ አስቀምጠው ወጡ። ካፒቴኑ ነጠላ ጫማ ያደረገውን ቀኝ እግራቸውን ቁልቁል እያዩ ተረከዛቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው ጣቶቻቸውን ለማንሳት ሞከሩ። አልተነሱም። እንደገና ሞከሩ። ጥርሳቸውን ሲነክሱ አየሁ፤ ያንኑ የግንባራቸውን ሥር አየሁ።

«በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ እተወው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እሰድብህ ነበር። ወር ሙሉ አላናግርህም ነበር። ከዚያ ግን እተወው ነበር።»

«እርስዎን ማሳፈር...»

«እኔን እንዳታሳፍር ብለህ እሷን ሰበርካት።»

 

ወረቀት አስመጡ። ክንዳቸው ስለተሰበረ ቃላቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እግራቸው እንደማይሠራ፣ ልጅቷ እንዳልነካች፣ ሲሉኝ እጽፋለሁ። ከዚያ የእኔን እንድጽፍ አዘዙኝና አነበቡት። የራሳቸውን በግራ እጃቸው ፈረሙ። ሲሸኙኝ እንደ ድሮው መታ ያደርጉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላደረጉም።

«ሆስፒታል ሂድና ለእሷም ንገራት» አሉኝ። «ከሰው ከምትሰማው ከአፍህ ትስማው።»

በዚያው ሄድኩ። እሷ እንቅልፍ ወስዷታል። አባቷ አልጋዋ አጠገብ በአንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ወንበር የለም። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው፣ ከልጃቸው ጋር የምሠራ አብራሪ ነኝ ስላቸው፣ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። አይሆንም፣ ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «ልጄን ልትጠይቅ መጥተህ ቆመህማ አትውልም» ብለው ትከሻዬን ይዘው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።